ያረጀ ቤት የወረሰ ሰው

አንድ ወጣት አስተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ በአዲስ አበባ ከተማ የራሱ ቤት አለው ሲባል የሰማ ሁሉ «ታድለሃል!» ይለዋል። የቤት ኪራይ የወሩን ደመወዝ ገና በኪስ ሳይሞቅ በሚወስድበት ከተማ ይህን ማለታቸው አያስደንቅም። እኔም በ2014 ዓ.ም. አያቴ ዐርፈው ቤታቸው ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው በተላለፈ ጊዜ፣ ለለቅሶ የመጡት የሥራ ጓደኞቼ በአንድ እጅ ጨብጠው ሁለት ነገር ነገሩኝ። «እግዚአብሔር ያጥናህ» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ ቤቱ የማን ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። የእኔ፣ የእኅቴና የወንድሜ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። የእኔም ፊት ሳይበራ አልቀረም።

ስለ አሮጌ ቤት ሲነሣ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ፣ ስለ አናጢ ቀጠሮ፣ ስለ ካርታና ስለ ፕላን የሚናገር ሰው ሞልቷል። ቤቱ በባለቤቱ ልብ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር የሚናገር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ምናልባት የሚያሳፍር ስለ ሆነ ይሆናል። ቤት የሌለው ሰው በሞላበት አገር «ቤት አለኝና ተጨነቅሁ» ብሎ ማማረር ጠግቦ እንደ ማግሳት ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ከአንባቢዎች መካከል ወላጆቻቸው ያቆሙትን ቤት ነገ የሚረከቡ ብዙ ተማሪዎች እንዳሉ አውቃለሁና የደረሰብኝን ሳልደብቅ ልነግራቸው አስቤአለሁ።

ቤቱና ታሪኩ

ቤታችን በቀበና ወንዝ በኩል ባለው ዳገት ላይ የቆመ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። እናታችን ቀደም ብላ ስለ ዐረፈች ያሳደጉን አያቶቻችን ናቸው፤ እኛም እማማና አባባ እንላቸው ነበር። አባባ ቤቱን ያቆሙት በ1954 ዓ.ም. ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተከሉ፤ ማገሩን በምስማር መቱ፤ ከጎረቤት ጋር ሆነው ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራቸው ረግጠው አቡክተው መረጉ፤ ጣሪያውን በቆርቆሮ ከደኑ፤ ወለሉን ሳንቃ አደረጉ፤ ኮርኒሱን በአቡጀዴ ወጠሩ።

ይህ አሠራር የአባባ ብቻ አልነበረም፤ የከተማይቱ የራሷ ጠባይ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ሲያልቅ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እየበቀለ ችግሩን አቃለለ። ባቡርም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮና ምስማር ከወደብ ማምጣት ቀላል ሆነ። እንግዲህ የባሕር ዛፍ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ተጋብተው የወለዱት ቤት ለብዙ ዘመን የከተማችን መልክ ሆኖ ኖረ።

አያቶቼ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሌሎች ሁለት ክፍሎች ነበሯቸው፤ እነሱን እያከራዩ ይተዳደሩ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑ በአዋጅ ሲነገር፣ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዲኖረው አልተፈቀደምና የጀርባዎቹ ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ፤ ፊት ለፊት ያለው ለአያቶቼ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መካከለኛው ግድግዳ ሁለት ባለቤት አገኘ። ሁለት ባለቤት ያለው ግድግዳ ደግሞ አንድም አዳሽ የለውም። እኛ «የእነሱ ነው» ስንል፣ እነሱም «የእናንተ ነው» ሲሉ ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እርጥበቱ ብቻውን ሠራበት።

በልጅነቴ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማስታውሰው፣ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ እማማ ሳፋውን፣ ድስቱንና የቆርቆሮ ጣሳውን ከያሉበት አውጥተው በየሚያፈሰው ቦታ ሥር ሲደረድሩ ነው። ጠብታው በሳፋው ላይ አንድ ድምፅ፣ በጣሳው ላይ ሌላ ድምፅ ነበረው፤ እኛ ልጆቹ በዚያ ላይ እያጨበጨብን እንዘፍን ነበር። ለካ እኛ ስንዘፍን እሳቸው ይቆጥሩ ኖሯል!

ለበሽተኛ ካፖርት

ቤቱን በተረከብሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ብዬ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ አውጥቼ የውጪውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንሁ፤ በላዩም ነጭ ቀለም አስቀባሁ። የሰፈሩ ሰው እየቆመ አደነቀኝ። በሚቀጥለው ክረምት ግን ልስኑ መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ነሐሴ ሲገባም በየሰፊው እየተገነጠለ ወደቀ።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ አናጢ አምጥቼ አሳየኋቸው። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ካፖርት ደረብህለት እንጂ መድኃኒት አልሰጠኸውም» አሉኝ። ነገሩንም አስረዱኝ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ከላይ ሲደረብበት ግን በስንጥቅ የገባውና ከመሬት የተሳበው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ከውስጥ ይላላል። ሲሚንቶ ጠንካራ፣ ጭቃም ልል ስለ ሆነ ሁለቱ ደኅና አድርገው አይያያዙም፤ በመጨረሻም ይለያያሉ።

ቀጥለውም ቋሚዎቹን በመዶሻቸው እጀታ መታ መታ እያደረጉ አዳመጡ። ከወገብ በላይ ድምፁ ደኅና ነበር፤ ወደ መሬት ሲጠጋ እንደ ባዶ ቅል ሆነ። የተተከለ እንጨት አብዝቶ የሚበሰብሰው ከመሬቱ ገጽ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እዚያ ውሃውም አየሩም አብረው ያገኙታልና። ምስጥም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ብርሃን ስለማይወድ ከአፈር በሠራው ጠባብ መተላለፊያ ተከልሎ ይወጣል፤ የእንጨቱን ሆድ ዕቃ በልቶ ቆዳውን ይተውለታል። ስለዚህ ባለቤቱ በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ ቤቴ ቆሟል ሲል ይኖራል።

«ስንቱ ቋሚ ተበልቷል ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የተበላውን ከምቆጥርልህ ያልተበላውን ልቁጠርልህ» አሉኝ። አሥራ አንድ ቆጠሩ።

ቤቱ በልብ ውስጥ ሲያፈስ

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተለወጠ። ሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ እየነቃሁ ጆሮዬን አቀናለሁ። ሳንቃው ሲንቋቋ ግድግዳው የወደቀ ይመስለኛል። በበጋ እንኳ ጥቁር ደመና በእንጦጦ ላይ ካየሁ የምበላው አይጥመኝም።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎቼ ታሪክ ሳስተምር በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የተማሪ ቤቱን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር። የምናገረውን ሳልጨርስ ጠመኔው በእጄ ላይ ቆመ። ከሳምንት በፊት የልጆቹ ደብተሮች ቤቴ ውስጥ ረጥበው፣ ቀለማቸው ተዥጎርጉሮ ስለ መለስሁላቸው ችግሬን ሁሉም ያውቁታል። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «መምህር፣ ሳፋውን ደቅነው ነው የመጡት?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳፋውን እንዳልደቀንሁት ግን አውቅ ነበርና በቀረው ሠላሳ ደቂቃ ያስተማርሁትን ዛሬም አላስታውሰውም።

ጓደኞቼን ቤት መጥራት ተውሁ። የሚመጣ ሰው ሁሉ ኮርኒሱን ቀና ብሎ እንዳያይ አስቀድሜ በወሬ እይዘው ነበር። ከጀርባ ካሉት ጎረቤቴ ከእኒያ አሮጊት ጋር ከሰላምታ በቀር መነጋገር ቀረ፤ ግድግዳው የወደቀ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሚሆን በልቤ አስቀድሜ ፈርጄ ነበርና።

ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ጠቡ መጣ። እኅቴ ባልና ሁለት ልጆች አሏት፤ ከከተማው ዳር በኪራይ ቤት ትኖራለች። «እንሽጠው» ማለቷ የሚያስወቅሳት አልነበረም። ወንድሜ የሚኖረው በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን ከተማ ነው፤ እሱ ደግሞ በስልክ «የእማማን ቤት እንዳትነኩ!» ይላል። ከሩቅ ሆነው ሲያስቡት ቤት አያፈስም። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የምልክለት ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ነጭ የተቀባው የፊት ግድግዳ ነበር። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ስጠየቅ መልስ የለኝም። ቤቱን በእኔ እጅ አበላሸሁት እንዳይባል ፈርቼ ይመስለኛል።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ከልጆቹ መካከል የሞተ ቢኖር የእሱ ልጆች በቦታው ይገባሉ። በጋራ ከያዙት መካከል አንዱ ድርሻዬን ብሎ ክፍፍል ሊጠይቅ ይችላል፤ ንብረቱ ለመከፈል የማይመች ከሆነም ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል። ሦስት ክፍል ቤት ለሦስት ወራሽ ሲባል በወረቀት ላይ ያምራል፤ ጣሪያው ግን አንድ ነው። አንድ እሑድ እኅቴ ቡና እየጠጣን ሳለ «እንግዲህ ሕግ አለ» አለች። ከዚህ ሌላ የተናገረችው የለም። «እትዬ፣ በእማማ ቤት ተቀምጠሽ?» አልኋት። ሲኒዋን አስቀምጣ ወጣች፤ አራት ወር አልተነጋገርንም።

ከሁሉ ይበልጥ የማፍርበትን ደግሞ ልናገር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በኩል ብዙ ያረጁ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ በታክሲ ሳልፍ ሰዎች መስኮትና ቆርቆሮ ነቅለው በመኪና ሲጭኑ አየሁ። አንድ አዛውንት የነቀሉትን በር በግንብ ላይ አስደግፈው አጠገቡ ቆመዋል። በሩ ከነቁልፉ ነበር፤ ቤት ግን አልነበረውም። ልቤ ተነካ። ወዲያውም «ወደ እኛስ ሰፈር መቼ ይደርስ ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስመረምረው ግን ምኞት ሆኖ አገኘሁት። እኔ እንድወስን ሳልገደድ፣ ማንም ሳይወቅሰኝ፣ ሌላ ሰው መጥቶ ቤቱን እንዲያፈርስልኝ እመኝ ነበር። ከደጃፋቸው የተነሡትን ሰዎች ኀዘን እያየሁ ይህን መመኘቴን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም።

የወደቀው ግድግዳ

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መካከለኛው ግድግዳ ወደ እኛ በኩል ወደቀ። ያረፈው የእማማ አልጋ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። አልጋው ከሁለት ዓመት በላይ ባዶ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም።

አንባቢዬ ይፍረደኝ፤ የመጀመሪያ ስሜቴ ዕረፍት ነበር። «ተገላገልሁ» አልሁ። በጨለማ ውስጥ ተቀምጬ አቧራው እስኪሰክን ድረስ እንደዚያ ያለ ዕረፍት ከተሰማኝ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ እንደ ነበር አሰብሁ። ወዲያው ከቀዳዳው ማዶ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ አንድ ድምፅም «ልጄ፣ ተርፈሃል? ደኅና ነህ?» ሲል ሰማሁ።

ባትሪ አበራሁ። ጎረቤቴ አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ከኋላቸው፣ በወለሉ ላይ፣ ሳፋ፣ ድስትና የቆርቆሮ ጣሳ በተርታ ተደርድረዋል፤ ሦስቱም ውሃ ይዘዋል። ልክ እንደ እኛ። እነሱም በዚያ ግድግዳ ማዶ ስንት ክረምት ሌሊቱን ሲቆጥሩ ኖረዋል ማለት ነው። እሳቸው አስቀድመው የጠየቁት ስለ ግድግዳው ሳይሆን ስለ እኔ ደኅንነት በመሆኑ የምመልሰው ጠፋኝ። ቀዳዳውን በሸራ ጋረድነው። ጠዋት ቡናውን በሸራው ሥር አቀበሉኝ።

ለወንድሜ የላክሁለት የመጀመሪያው እውነተኛ ፎቶግራፍ የዚያን ጠዋት ፍርስራሽ ነው። ብዙ ሰዓት ሳይመልስ ቆይቶ፣ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኸኝም?» ብቻ አለ። እኅቴ ደግሞ ሳልጠራት መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ የወደቀውን ጭቃ ታገላብጥ ጀመር። እንደ ብዙ የድሮ ቤት ሁሉ የእኛም ግድግዳ ከቀለሙ ሥር ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር። ከዚያ ጋዜጣ ላይ አንድ ቁራጭ አነሣች፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በልጅ እጅ፣ የእናታችን ስም ሦስት ጊዜ ተጽፏል። አንዱ ፊደል ተገልብጧል። እኅቴ ቁራጩን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ይህን እኔ እወስዳለሁ። ቤቱን ግን ከእንግዲህ ብቻህን አትሸከመውም» አለችኝ።

ያደረግነው

በዚያ ሳምንት ሦስታችን፣ አንዱ በስልክ፣ ተነጋግረን በወረቀት ላይ አሰፈርነው። ከእንግዲህ የሚያፈሰውን ሳይደብቁ በየወሩ ማሳየት፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ማዋጣት፤ ከተዋጣው በላይ ለቤቱ ሳንቲም አለማውጣት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ መሸጥ እንደ ገና ተቀምጦ መነጋገር። እስከዚያ ድረስ «ሕግ» የሚለው ቃል ቡና ላይ አይነሣም።

ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ለእድሳቱ ፈቃድ ጠየቅን። ፈቃዱ ሲገኝ ሽማግሌው አናጢ ግማሽ ሜትር ያህል ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት አስገነቡ። አዲሶቹን ቋሚዎች በተቃጠለ የሞተር ዘይት አስቀብተው በመሠረቱ ላይ አቆሙ፤ እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተደባልቆ ሳምንት ያህል ተቦካ፤ የእኅቴ ልጆችና የጎረቤቴ የልጅ ልጅ እየተንሸራተቱና እየሳቁ ረገጡት። ከጣሪያው ሥር አሸንዳ ተሰቀለ፤ ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ የሚያሳልፍ ቦይ ተቆፈረ። ሊድን የማይችለውን የጓሮ ማድ ቤት ግን አፈረስነው። ሲፈርስ ቆሜ አየሁ፤ እንደ ፈራሁት አላመመኝም።

እንግዲህ ያረጀ ቤት ለሚጠብቃችሁ ወጣቶች የምመክረው ጥቂት ነው። ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ቋሚውን አስመትታችሁ አዳምጡ፤ ገንዘባችሁን ከልስኑ በፊት በአሸንዳውና በቦዩ ላይ አውሉት፤ የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነውና። ዳር ሲነካ መሃል ዳር ይሆናል ይባላል፤ አንዲት የላላች ምስማር ከተወች አንድ ክረምት ሳያልፍ ኮርኒሱን ትጠይቃለች። ወራሾች ከሆናችሁ ደግሞ ጉዳቱን አትደባበቁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለቤቱ የምትሰጡትን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የምትሰጡትን ሐሳብም ወሰን አብጁለት። በመጨረሻም ቤቱን መሸጥ የሚሻላችሁ ከሆነ የሙታን ወቀሳ ያገኘናል ብላችሁ አትፍሩ። እማማ ያሳደጉን ቤቱን እንድንጠብቅ ብለው አይመስለኝም፤ ቤቱን የጠበቁት እኛን ለማሳደግ ነበር።

ቤታችን ጨርሶ አልዳነም። በሳሎኑ አንድ ማዕዘን አሁንም ያፈሳል፤ ተራው ገና ስላልደረሰ ሳፋ ደቅኜበታለሁ። ለትምህርቴም ገንዘብ ማጠራቀም ከመጀመሪያው ጀምሬአለሁ። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ዘንቦ ነበር። መዝነቡን ያወቅሁት ጠዋት ተነሥቼ ሳፋው ሞልቶ ሳገኘው ነው።